ሃያ ሦስቱ የአባቴ ከብቶች

አባቴ በሕይወቱ አንድም ከብት ኖሮት አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በአንድ የመንግሥት ፋይል ውስጥ ለአራት ቀን የሃያ ሦስት ከብት ባለቤት ተብሎ ስለተመዘገበ ነው። ፋይሉ የእኔ ነበር።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ጂንካ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ የማትሪክ ውጤቴ ጥሩ ሆኖ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንድገባ ተመድቤ ነበር። በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ምግቡንም መኝታውንም የሚያገኘው ከመንግሥት ነው። ስለዚህ ከገቡ በኋላ ችግር የለም፤ ችግሩ መድረሱ ነበር። ከጂንካ እስከ አርባ ምንጭ በጭነት መኪና፣ ወንዞቹ ከፈቀዱ ሁለት ቀን፤ ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ደግሞ በአውቶቡስ። ከዚያ ጫማ፣ ብርድ ልብስ፣ ሹራብ። ጂንካ ሹራብ የሚያስለብስ ብርድ ስለሌለ ቤታችን ውስጥ አንድም ሹራብ አልነበረም።

ለዚህ ሁሉ በክፍለ ሀገሩ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ለድሃ ቤተሰብ ልጆች ድጎማ ይሰጥ ነበር። ያለ ድጎማው መሄድ አልችልም። የምዝገባው ቀን ካለፈ ደግሞ ምደባው ይሰረዛል። የእኔ ጉዳይ ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ስለ ከብት ነው።

ድጎማውን ለማግኘት አራት ገጽ ቅጽ ይሞላል። ቤተሰቡ የቀንድ ከብት አለው? የለውም። የጋማ ከብት አለው? የለውም። ወፍጮ አለው? የለውም። የሚከራይ ቤት? የለውም። ሬዲዮ? የለውም። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ግን አጠገቤ ተቀምጣ ብዕሬን ስትከታተል አንድ ነገር አስተዋለች።

«ሁሉንም ጥያቄ በአንድ መልስ ነው እንዴ የምትመልሺው?» አለችኝ።

«ጥያቄዎቹ ናቸው አንድ ዓይነት።»

«በዚህ ዓይነት እንዴት ፈተና እንዳለፍሽ እንጃ። ቢያንስ ድስት አላቸው በዪ።»

«ስለ ድስት አልጠየቁም።»

«ሁለት ድስት አለን። ሳይጠይቁሽ ንገሪያቸው። ሰው ምን ይለናል?»

ድስቶቹን አልጻፍኩም። የቀበሌያችን ሊቀመንበር «ከላይ የተጠቀሰው ሁሉ እውነት ነው» በሚለው ቦታ ላይ ፈርሞ ማኅተም አደረገበት። ሲፈርም አላነበበውም፤ ማንበብ አላስፈለገውም። አባቴን ጂንካ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

አባቴ የአውሮፕላን ማረፊያው ዘበኛ ነበር። ጂንካን ላላየ ሰው አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ማረፊያ ሲባል አስፋልትና ሕንፃ ይታየው ይሆናል። የጂንካው በከተማው መሀል የተዘረጋ ረጅም የሣር ሜዳ ነው። ማክሰኞና ቅዳሜ ሁለት ሞተር ያለው ትንሽ አውሮፕላን ያርፍበታል። በቀሩት አምስት ቀናት የኳስ ሜዳ፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር መሻገሪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የከብት ግጦሽ ነው። ከተማው ውስጥ ከዚያ የተሻለ ሣር አልነበረም። ከብት ማሰማራት በቅጣት እንደሚያስጠይቅ የሚገልጽ የእንጨት ሰሌዳ ሜዳው ጫፍ ላይ ተተክሏል። ከብቶቹ ይታከኩበታል።

አባቴ አንድ ፊሽካና አንድ ዱላ ነበረው። የአውሮፕላኑን ድምፅ ከማንም ቀድሞ ይሰማል፤ ፊሽካውን ይነፋል፤ ሰውና ከብቱን ያስወጣል። ሰው ቶሎ ይወጣል። ከብት እንደ ሣሩ ሁኔታ ነው። በክረምት ሣሩ ሲለመልም አንዳንዶቹ ፊሽካውን እንደ ወፍ ዜማ እየሰሙ ይግጣሉ፤ አውሮፕላኑም አየር ላይ እየዞረ ይጠብቃቸዋል።

ይህ ሲሆን የሚሠራበት ያልተጻፈ ውል ነበር። አብራሪው ወርዶ «እነዚህ የማን ናቸው?» ብሎ ሲቆጣ፣ አባቴ አንገቱን ደፍቶ «የኔ ናቸው» ይላል። አብራሪው ይሰድበዋል፤ ነገሩ ያልቃል። የባለቤቶቹ ስም ቢጠራ ግን ቅጣት አለ፣ ክስ አለ፣ ምልልስ አለ። በምላሹ ባለከብቶቹ በየተራ ወተት ይልኩልናል። እቤታችን ይህ ወተት «የስድብ ወተት» ይባል ነበር። እናቴ ቅል አንስታ ትቀምስና «የዛሬው ስድብ ቀጭን ነው፤ ውሃ ገብቶበታል» ትላለች።

ቅጹ ወደ አርባ ምንጭ ከተላከ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ቀን፣ ለአባቴ ምሳ ይዤለት ሜዳው ዳር ቆሜ ነበር። አውሮፕላኑ በኮረብታው በኩል ብቅ አለ። አባቴ ፊሽካውን ነፋ። ኳስ ተጫዋቾቹ ወጡ፤ ከገበያ ተመላሽ ሴቶች ወጡ፤ ከብቶቹ አልወጡም። አባቴ ሮጠ። አውሮፕላኑ አንድ ጊዜ ዞረ። አባቴ ከዚህ ጫፍ ሲያስወጣ በዚያ ጫፍ ይመለሳሉ። አውሮፕላኑ ሁለተኛ ዞረ። በመጨረሻ ሁሉም ሜዳው ዳር ተሰበሰቡና አውሮፕላኑ አረፈ።

መጀመሪያ የወረደው አብራሪው አልነበረም። ጥቁር ቦርሳ በደረቱ ያቀፈ፣ ኮፍያ ያደረገ፣ ከሲታ ሰው ነበር፤ ፊቱ አመድ መስሏል። አምስት እርምጃ ያህል ተራምዶ ቦርሳው ላይ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ አባቴን በጣቱ ጠራው።

«እነዚህ ከብቶች የማን ናቸው?»

አባቴ አንገቱን ደፋ። «የኔ ናቸው፣ ጌታዬ።»

«ጌታዬ ማለት ቀርቷል። ጓድ በለኝ። ሁሉም ያንተ ናቸው?»

«ሁሉም፣ ጓድ ጌታዬ።»

ሰውዬው ከኪሱ ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈ፤ ተነሥቶም ሄደ። አባቴ ምሳውን እየበላ ቅር እንዳለው ያስታውቅ ነበር።

«ሳይሰድበኝ ሄደ» አለኝ። «አሞት ይሆናል።»

በማግስቱ እኔና አባቴ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ተጠራን። ከጠረጴዛው ጀርባ ያ ከሲታ ሰው ተቀምጧል። የድጎማ ማመልከቻዎችን በየቦታው እየዞረ የሚያጣራ ሠራተኛ ኖሯል። ከጎኑ የቀበሌያችን ሊቀመንበር በምስክርነት ተቀምጧል። አጣሪው አባቴን አየ፤ ፋይሉን አየ፤ እንደገና አባቴን አየ።

«የዚህች ልጅ አባት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ፣ ጓድ ጌታዬ።»

«ቅጹ ላይ የቀንድ ከብት የለውም ይላል። ትናንት ሃያ ሦስት ከብት የኔ ናቸው ብለውኛል።»

ከብቶቹ ሃያ ሦስት መሆናቸውን አባቴም ገና መስማቱ ነበር። «እንዴት ቆጠሯቸው?» ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

«ከአየር ላይ» አለ። «ሁለት ጊዜ ዞረናል። በመጀመሪያው ዙር ሃያ አንድ፣ በሁለተኛው ሃያ አምስት ቆጠርኩ። አማካዩን ወሰድኩ።»

«ግን አሞዎት አልነበረም?»

«በሁለቱ ዙሮች መካከል ነው ያመመኝ። ስቆጥር ደህና ነበርኩ።»

በሰውዬው አልፈርድም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጠንቃቃ ነበር። ከዚህ በፊት ሀብታሞች ልጆቻቸውን ድሃ አስመስለው መሥሪያ ቤቱን እንዳታለሉ ነገረን። ከብት ያለው ሰው አንዱን ሸጦ ልጁን መላክ እንደሚችል፣ ድጎማው ግን ምንም ለሌለው እንደሆነ አስረዳን። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ከብት የለውም ብለው የፈረሙት እርስዎ አይደሉም?»

ሊቀመንበሩ ጣሪያውን ሲያይ ቆይቶ ነበር። «ፈርሜያለሁ» አለ። «በፈረምኩበት ጊዜ አልነበረውም።»

«ከሁለት ሳምንት በፊት ነው የፈረሙት።»

«ከብት ይራባል፣ ጓድ።»

አጣሪው ይህን ወረቀት ላይ ሊጽፈው ብዕሩን አነሣና ተወው። የወሰነው ይህን ነበር፦ የተመዘገበና ማኅተም ያረፈበት ቁጥር አይሰረዝም። ሊቀነስ ግን ይችላል። የእያንዳንዱ ከብት ባለቤት ቀርቦ «ይህ የእኔ ነው» ብሎ ከፈረመ፣ የፈረመውን ያህል ከሃያ ሦስቱ ላይ ይቀነሳል። እሱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአውሮፕላኑ ይመለሳል። እስከዚያ ካልቀረቡ ፋይሌ ይዘጋል።

ደጅ ስንወጣ አባቴ ሊቀመንበሩን ክንዱን ያዘው።

«አራቱ ያንተ ናቸው።»

«ቀስ በል፣ ወንድሜ።»

«ነጯ፣ ጆሮዋ ጥቁር የሆነችው፣ እሷም።»

«እሷንማ አውቃታለሁ። አስተውል እንጂ፤ የቀበሌ ሊቀመንበር በክልክል ሜዳ ከብት አሰማራ ከተባለ ምን ይሆናል? ያ ሰውዬ ሁሉን ነገር ይጽፋል። መጀመሪያ ሌሎቹን አስፈርም፤ ሌሎቹ ሲፈርሙ የኔን እናያለን።»

ሐሙስ ዕለት እኔና እናቴ ሌሎቹን ለማስፈረም ወጣን። ሌሎቹ ደግሞ ሁሉም መጀመሪያ ሌሎቹ እንዲፈርሙ ነበር የሚፈልጉት።

ሦስት ከብት ያለው አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ በዚያ ዘመን ተዘግቶ ቢሆንም እሱ ሽማግሌነቱን አልተወም። ደጁ ላይ ስንደርስ ለምን እንደመጣን ቀድሞ ሰምቷል።

«እኔ እንደማልዋሽ ታውቃላችሁ» አለን። «ስለዚህ ስለ ከብት አትጠይቁኝ።»

«ቀዩ በሬ ያንተ አይደለም?» አለችው እናቴ።

«እህቴ፣ ጠየቅሽኝ።»

«አዎ፣ ጠየቅሁህ።»

ዓይኑን ጨፍኖ ጸሎት ጀመረ። ለትምህርቴ ጸለየ፤ ለመንገዴ ጸለየ፤ ለመኪናው ጎማ ጸለየ። እናቴ እስኪጨርስ ልትጠብቀው ቆመች፤ እሱም እስክንሄድ ሊጠብቀን ቀጠለ። ለኢትዮጵያ ወንዞች በየስማቸው መጸለይ ሲጀምር ተሸነፍንና ወጣን።

ከሸዋ የመጡ የሱቅ ባለቤት ደግሞ ስድስት ከብት ነበራቸው። እትዬ ነበር የምንላቸው። እሳቸው ደግ ሴት ናቸው። ጉዳዬን ሲሰሙ ከመደርደሪያው ሁለት ሳሙና፣ አንድ ኪሎ ስኳር፣ ሻማና ደርዘን ደብተር አውርደው ፊቴ ከመሩ።

«ይህን ያዢ። ለመንገድሽ።»

«እትዬ፣ እኛ የምንፈልገው ፊርማ ነው» አልኩ።

«ፊርማ ከዚህ ሱቅ አይወጣም፣ ልጄ። ሟቹ ባለቤቴ በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ነው የፈረመው። አንዱ ከእኔ ጋር ሲጋባ ነው። ሁለቱንም ተጸጽቶባቸዋል።»

ሳሙናውን፣ ስኳሩንና ደብተሩን ይዘን ወጣን። የሚቀጥለው ባለከብት ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቀሚስ እሰፋልሻለሁ አለኝ። ከእሱ ቀጥሎ ያሉት አስተማሪ መዝገበ ቃላት ሰጡኝ። እናቴ ወደ ቤት ስንመለስ ሸክማችንን አየችና «በዚህ ዓይነት ነገም ብንዞር ሀብታም ሆነን ድጎማውን በእውነት ይከለክሉናል» አለች።

በእጃችን አንድም ፊርማ አልነበረም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አባቴ ከሥራ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አገኘኝ። ሊቀመንበሩ ቀበሌ ውስጥ ሥራ ሊፈልግልኝ እንደሚችል መልእክት ልኮብኝ ነበር፤ መዝገብ ቤት፣ ፋይል ማስቀመጥ። ፋይል የሚለውን ቃል መስማት አልፈልግም ነበር። አባቴ ፊት ለፊቴ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና እንደ ዳኛ አንድ በአንድ ጠየቀኝ።

«ወረቀቱ ከብቶቹ የኔ ናቸው ይላል?»

«ይላል።»

«ማኅተም አለው?»

«አለው።»

«ሊቀመንበሩም ይራባሉ ብሎ መስክሯል።»

«መስክሯል።»

«ያ ሰውዬ፣ ከብት ያለው ሰው ሸጦ ልጁን ይላክ ብሏል አይደል?»

«ብሏል።»

«ነገ ገበያ ነው» አለ አባቴ።

እናቴ ጎደሬ ትልጥ ነበር። ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ሁሉንም ልትሸጣቸው?»

«ሁሉንም። አንዱን ለይቼ ብሸጥ ባለቤቱ አዳላብኝ ይላል።»

አባቴ ቀልድ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ይህንን ደግሞ ከተማው በሙሉ ያውቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ፊሽካውን ነፋ። ማታ ማታ ከብቶቹ ወደየቤታቸው ይገባሉ፤ ጠዋት ደግሞ ማንም ሳይነዳቸው ራሳቸው ወደ ሜዳው ይመጣሉ፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቦታ ለማግኘት አልተቸገረም። የሚገርመው በዚያ ቀን ሁሉም ታዘዙት። በሰልፍ፣ ሰሌዳውን አልፈው፣ በዋናው መንገድ ወደ ከብት ተራ ሄዱ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ሰው ከየቤቱ ብቅ እያለ ያያል፤ ያየውን ለጎረቤቱ ይነግራል፤ ጎረቤቱ ልብሱን ይለብሳል።

የጂንካ ቅዳሜ ገበያ የአገሩን ሁሉ ሰው የሚሰበስብ ነው። ከብት ተራው ላይ ከካኮ የመጣ አንድ ከብት ነጋዴ ነበር፤ ባርኔጣ ያደረገ፣ መፋቂያ የማይለየው ሰው። ከብቶቹን ሲያይ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።

«ሁሉም ያንተ ናቸው?»

«የመንግሥት ወረቀት አለኝ» አለ አባቴ።

መጀመሪያ የደረሰው ሊቀመንበሩ ነው። እየሮጠ ነበር፤ ግን ሯጭ እንዳይመስል እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቷል። ነጯ ላም አጠገብ ቆመና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይህችን ስንት ትላታለህ?»

አባቴ ግር አለው። «ልትገዛት ነው?»

«ልገዛት ነው። ቶሎ በል።»

አባቴ ዋጋ ነገረው። ነጋዴው ከጎን ሆኖ አሥር ብር ጨመረ። ሊቀመንበሩ አሥር ጨመረ። ነጋዴው ላሟን ዞሮ አያት፤ ጡቷን አየ፤ ጨመረ። ሊቀመንበሩ ወዲያው ጨመረ። ነጋዴው መፋቂያውን አፉ ውስጥ መለሰና ሊቀመንበሩን ከእግር እስከ ራሱ መረመረው።

«ጓድ፣ ጥርሷን ሳታይ ነው የምትጨምረው?»

«ጥርሷን አውቀዋለሁ።»

«ከየት?»

 ላሟ ዘወር ብላ ሊቀመንበሩን አሸተተችውና የኮቱን እጅጌ መላስ ጀመረች። አንድ ጊዜ ገፋት። ሌላኛውን እጅጌ ያዘች። ቆሞ የሚያይ ሰው በዝቷል፤ ማንም አልሳቀም።

«የኔ ናት» አለ ሊቀመንበሩ መሬት መሬት እያየ።

«ያንተ ከሆነች ለምን ትገዛታለህ?» አለ ነጋዴው። በእውነት ሊገባው ፈልጎ ነበር የጠየቀው።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ፤ «ይህን በጽሑፍ ይስጡኝ።» አጣሪው ነበር። ለቤቱ ማር ሊገዛ ገበያ ወጥቶ፣ ባንድ እጁ የማር ቆርቆሮ በሌላው ቦርሳውን ይዞ ቆሟል።

ሊቀመንበሩ ላቡን ጠረገ። «ቅጣቱስ?»

«የምን ቅጣት?»

«የሜዳው። ከብት ማሰማራት ክልክል ነው።»

«እኔ የድጎማ ሠራተኛ ነኝ» አለ አጣሪው። «የሜዳው ጉዳይ አያገባኝም። ስለዚያ ሜዳ የማውቀው ማቅለሽለሹን ብቻ ነው።»

ይህን ረቡዕ ዕለት ቢናገረው ኖሮ እትዬ አንድ ኪሎ ስኳር ያተርፉ ነበር። ወሬው ከብት ተራውን አልፎ እህል ተራ፣ ከእህል ተራ ሱቆቹ ጋ እስኪደርስ ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀው። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። አስተማሪው መጡ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ዓይኑን ገልጦ መጣና እናቴ ጎደሬ ከምትሸጥበት ቦታ ፊት ቆመ።

«እህቴ፣ አሁን ጠይቂኝ።»

«አልጠይቅህም። ገበያ ላይ ነኝ» አለችው።

«እባክሽ ጠይቂኝ።»

«ወንዞቹን ጨርሰሃል?»

«ኦሞ ላይ ነው ያቆምኩት።»

«እንግዲያው ቀዩ በሬ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለ፤ ከትከሻው ሸክም የወረደለት ይመስል ነበር።

እትዬ አሁንም አልፈርም አሉ፤ ግን አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። «ይህ ጣት ነው፤ ፊርማ አይደለም» ብለው ለሁሉም አስታወቁ። ማንበብና መጻፍ ከእኔ እኩል ያውቃሉ።

ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ቃላቱን አስታውሳቸዋለሁ። ሊቀመንበሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ካልገባ አልፈርምም ብሎ ነበር። ዐረፍተ ነገሩ «ከብቶቹ በባለቤቶቻቸው ትእዛዝ ሳይሆን በራሳቸው ተነሳሽነት ወደ ሜዳው እንደሚገቡ ተረጋግጧል» የሚል ነው።

«በምን ተረጋገጠ?» አለ አጣሪው። «ከብቶቹ ተጠይቀዋል?»

«ዝምታቸው እንደ ስምምነት ተቆጥሯል» አለ ሊቀመንበሩ። ስንት ዓመት ስብሰባ የመራ ሰው ነው።

ፊርማው ሲያልቅ አውሮፕላኑ ተሰማ። ሁላችንም ከገበያው ወደ ሜዳው ሄድን፤ አጣሪው ሊሳፈር፣ ሌላው ሊያይ። አባቴ በልማዱ እየሮጠ ፊሽካውን ነፋ፤ የሚያስወጣው ነገር ግን አልነበረም። ባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ አየ። አብራሪውም ልማዱ ሆኖበት ይሁን ሜዳውን ባዶ ማየቱ አስደንግጦት አላውቅም፤ አንድ ጊዜ ዞሮ ነው ያረፈው።

አጣሪው የማር ቆርቆሮው ላይ ተቀምጦ ፋይሌን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ከሊቀመንበሩ አራት፣ ከሽማግሌው ሦስት፣ ከእትዬ ስድስት፣ ከቀሩት አሥራ አንድ። ደመረ። እንደገና ደመረ። ኮፍያውን አወለቀ።

«ሃያ አራት» አለ።

«አዎ» አልኩ።

«ፋይሉ ሃያ ሦስት ይላል።»

«አዎ።»

«ከሃያ ሦስት ላይ ሃያ አራት መቀነስ አለብኝ።»

ሁለታችንም ወረቀቱን አየን። ደንቡን ራሱ ነው የነገረን፤ የተመዘገበ አይሰረዝም፣ ይቀነሳል። ብዕሩን አነሣና «የቤተሰቡ የቀንድ ከብት ብዛት» በሚለው ረድፍ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ተቀናሽ አንድ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ አባቴን ለረጅም ጊዜ አየው፤ አስተያየቱ ከማክሰኞው የተለየ ነበር።

«በሥራዬ ከብት የሌለው ሰው ብዙ አይቻለሁ» አለኝ። «እዚህ ድረስ የወረደ ግን አላጋጠመኝም።»

አባቴ «ምን አለ?» ብሎ በአገራችን ቋንቋ በአሪኛ ጠየቀኝ።

«አንድ ከብት ይጎድልሃል አለ።»

«የት ሄደች?» አለ አባቴ፤ ደንግጦ ሜዳውን ዳር እስከ ዳር መቃኘት ጀመረ።

እኔ ስሕተት አይቼ ማለፍ አልወድም። አፌን ከፍቼ «ጓድ፣ ይህ እኮ የሆነው አማካይ ስለወሰዱ ነው፤ ከመጀመሪያውም ሃያ አራት ነበሩ» ልለው ጀምሬ «ጓድ፣ ይህ እኮ» የሚለውን ጨርሼ ነበር። እናቴ ወገቤን ቆነጠጠችኝ።

«ልጅቷ መንገደኛ ናት» አለችው ለአጣሪው በአማርኛ። «ብዙ አያናግሯት። ይፈርሙላት።»

ፈረመልኝ። የማር ቆርቆሮውን ይዞ ወደ አውሮፕላኑ ሲሄድ መንገድ ላይ ቆም ብሎ ከአባቴ ጋር ተጨባበጠ፤ በሁለት እጁ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚጨባበጡት። አባቴ ምንም አልገባውም፤ ግን ሰው ሲያዝን አብሮ የሚያዝን ሰው ስለሆነ እሱም አንገቱን ነቀነቀ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቡና በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሬ አርባ ምንጭ ገባሁ። የድጎማው መሥሪያ ቤት ውስጥ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ፋይሌን ከፈተች። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገች። ፋይሉን ይዛ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄደች፤ በግድግዳው በኩል ሹክሹክታ ሰማሁ። ስትመለስ ሌላ ሴትና አንድ ሽማግሌ አብረዋት መጡ፤ በር ላይ ቆመው አዩኝ።

«እናንተ ቤት ምን ደረሰ፣ የኔ እናት?» አለችኝ።

«ደህና ናቸው» አልኩ። «ሁሉም ደህና ነው።»

«ታዲያ አንዷ ከብት?»

ላስረዳት እችል ነበር። አብራሪው ለምን እንደዞረ፣ ሁለቱ ቁጥሮች፣ አማካዩ፣ ማኅተሙ፣ ቃለ ጉባኤው፤ ሁሉም በቅደም ተከተል አፌ ላይ ነበር። ሰዓቱን አየሁ። የአዲስ አበባው አውቶቡስ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ይነሳል፤ ትኬት ደግሞ የሚሸጠው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

«ገና አልተገኘችም» አልኳት።

ከንፈሯን መጠጠች። የትራንስፖርቱን ገንዘብ፣ አንድ ሹራብና ደንቡ የሚፈቅደውን አንድ ብርድ ልብስ ሰጥታ አስፈረመችኝ፤ ከዚያ በሩን መለስ አድርጋ ከመደርደሪያው ሥር ሁለተኛ ብርድ ልብስ አወጣች።

«ይህን ለአባትሽ ላኪለት» አለች። «በዚህ ላይ መፈረም አያስፈልግሽም።»

ብርድ ልብሱን ወደ ጂንካ በሚመለሰው መኪና ላክሁለት። ትኬቱን የቆረጥኩት መስኮቱ ሊዘጋ ሲል ነው። አዲስ አበባ ስደርስ ምዝገባው ሊያልቅ ሁለት ቀን ይቀረው ነበር፤ ዝናብ ይዘንባል፣ በጣም ይበርዳል፤ ከአውቶቡሱ ሳልወርድ ሹራቡን ለበስኩ።